ክርክር፦ የደሴ ልጆች ሙዚቃን ከኪቦርድ ይጀምሩ ወይስ ከመሰንቆ? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በሚኖሩበት ሰፈር ወይም ከተማ ስም ነው)

ከቧንቧ ውሃ፦
በከተማችን ለወጣቶች ሙዚቃ ይሰጥ በተባለ ቁጥር «ኪቦርድ ይቅደም» የሚሉ ወገኖች የኢትዮ ጃዝ ሙዚቀኛውን የሙላቱ አስታጥቄን ሕይወት በማስረጃነት ያቀርባሉ። የጅማው ተወላጅ ወደ ዌልስ ምሕንድስና ሊማር ሄዶ ልቡ ወደ ሙዚቃ ማዘንበሉ፣ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ መማሩ፣ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጃዝ የተማረ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል፤ እርሱን የለየው በምዕራባውያኑ ሙዚቃ ዐሥራ ሁለት ድምፆች መካከል የእኛን አምስት ድምፆች መልካቸው ሳይጠፋ ማቆየቱ ነው። ስለዚህ ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች አገር ልጅ አስቀድሞ ጆሮውን በመሰንቆ ሊገራ ይገባል እላለሁ።

ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ኪቦርድ ዜማውን በቀኝ፣ አጃቢውን በግራ እጅ አንድ ላይ ያሰማል፤ ሙዚቃ ማቀናበር ለሚሻ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 እ.ኤ.አ. ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብሮት ለመሥራት የበቃው፣ በእኔ እምነት፣ ኖታና ሃርመኒ (የድምፆችን ውሕደት) ጠንቅቆ በማወቁ ነው።

ከሆጤ፦
የዋጋውንም ነገር እናስብ። መሰንቆ እዚሁ አገር ቤት ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ከቧንቧ ውሃ፦
የኮምቦልቻው ወዳጄ፣ ሃርመኒ ይቅር አላልኩም፤ የምከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ከዶ ብንነሣ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ነው፤ ሚ የሚባል ድምፅ በውስጡ የለም። በኪቦርድ የጀመረ ልጅ ግን ግራ እጁ የለመደችው ዶ-ሚ-ሶልን አብሮ መምታት ስለሆነ፣ አምባሰል እያጀበ ያችን ሚ ሲጨምራት ቅኝቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ ዘፋኙም የሚይዘው ያጣል። ቅኝቱ ጆሮው ውስጥ የገባ ልጅ ቢሆን ኖሮ እጁ ወደ ፋ ማይነር ወይም ወደ ሬ ፍላት ሜጀር በሄደ ነበር፤ ሁለቱም ከእነዚያው አምስት ድምፆች የሚወጡ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ናቸውና።

ከኮምቦልቻ፦
ስለ ሚ ያሉት ልክ ነው። ሆኖም መምህሩ ያወቀ እንደሆነ፣ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት አምስቱን ድምፆች ብቻ እንዲነካ አድርጎ ይህንኑ በኪቦርድ ማስተማር ይችላል።

ከቧንቧ ውሃ፦
ይችላል፤ ግን የኪቦርድ ድምፅ አንዴ ተቆርጦ የተሰጠ ነው። መሰንቆ ላይ ጣት የፈረስ ጭራውን ክር ከጎን ስለሚነካ ከሬ ፍላት ወደ ዶ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የወሎ ዘፋኞች ጉሮሮ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ያንን መንሸራተት በጆሮው ያልያዘ ልጅ ኪቦርዱ ላይ እንደጎደለበት እንኳ አያውቅም። የመጀመሪያው ዓመት ለመሰንቆና ለድምፅ ይሁን፤ ኪቦርዱ በሁለተኛው ይግባ።