እናቴ ያለችበት መጦሪያ ውስጥ መብቷን እንዴት ላስከብር?

ጥያቄ፦ ሴት ልጇ ነኝ። ሰሞኑን ስሄድ ሁሌ ተኝታ ነው የማገኛት። ሳጣራ፣ ሳይነግሯት ማስተኛ መድኃኒት ጀምረውላታል። የመጥሪያ ደወሉም እጇ የማይደርስበት ቦታ ተሰቅሏል። ብናገር ቂም ይይዙባታል ብዬ ፈራሁ። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ እህቴ ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ ግን ዝም አትበዪ። ሐኪሙን ዛሬውኑ ጠይቂ፦ ለምን ታዘዘ፣ ማን ፈቀደ፣ መቼ ይቆማል? ሰው ጸጥ እንዲል ብቻ መድኃኒት መስጠት ሕክምና አይደለም! ራስሽ ግን በድንገት እንዳታስቆሚው፣ ቀስ እየተባለ የሚቀነስ አለ።

መልስ 2፦ በአፍ የተነገረ ይረሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየሽውንና ያናገርሽውን ሰው እየመዘገብሽ ቅሬታውን በጽሑፍ አስገቢ፣ ኮፒውንም ያዢ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀው የአረጋውያን መርሆች፣ በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ ሰዎች ክብራቸውና ግላዊነታቸው እንዲጠበቅ፣ ስለ እንክብካቤያቸውም ራሳቸው እንዲወስኑ ይላል። አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም ደብዳቤሽ ላይ ጥቀሺው። ካልሰሙሽ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሂጂ።

መልስ 3፦ ለመሆኑ እናትሽ ራሷ ምን ትላለች? ሠራተኛ በሌለበት ለብቻዋ አናግሪያት፣ መብቱ የእሷ ነው። የሌሎቹንም ቤተሰቦች አሰባስቢ። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ነገረኛ ይባላል፣ ተሰብስባችሁ ስትመጡ ግን ይሰሟችኋል።