ስለ ምሕረት ግድያ ለማጥናት መጠይቁ እንዴት ይዘጋጅ?

ነርሷ፣ ደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ መመረቂያዬ የጎጃም ነርሶች ስለ ምሕረት ግድያ (የማይድን በሽተኛ ሲጠይቅ ከሥቃይ ለመገላገል ሆን ብሎ ሕይወቱን ስለማሳጠር) ያላቸውን አመለካከት ላጠና ነው። ከውጭ ጥናት የወሰድኩት መጠይቅ «ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ?» ይላል። ለሙከራ ለባልደረቦቼ ሰጠኋቸው። ሁሉም «እቃወማለሁ» አሉ። ሻይ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው የምሰማው። የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ያለባት እናት «ልጄ፣ በቃኝ፤ ገላግይኝ» ስትላቸው የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። ይህን ጭንቀት መጠይቄ አያወጣውም። እባካችሁ ምከሩኝ።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር
እህቴ፣ ሁሉም የንስሐ አባት ባለው አገር «እደግፋለሁ» ብሎ የሚጽፍ አታገኚም። ሰውን ራሱን እንዲያጠፋ መርዳትም በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 542 ያስቀጣል።

ሆላንዶች በ1990 እ.ኤ.አ. ትልቁን ጥናታቸውን ሲጀምሩ ሐኪሞቹን የጠየቁት ስለተደረገው ነገር ነው። ከሞት ምስክር ወረቀቶች ናሙና አወጡ። ሟቹን ላከመው ሐኪም ስሙ የማይገለጥበት መጠይቅ ላኩ። ምን ሰጠህ? የትኛውን ሕክምና አቆምክ? ምን አስበህ? ታማሚው ራሱ ጠይቆ ነበር? ከመልሱ ተነሥተው የትኛው ምሕረት ግድያ እንደሆነ የለዩት ተመራማሪዎቹ ናቸው። በ1995፣ በ2001ና በ2005 ስለደገሙት የምሕረት ግድያ ሕጋቸው በ2002 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ተቻለ።

ጤና መኮንን፣ ቡሬ
መምህር ያሉት ልክ ነው፤ ግን እንዳለ አይገለበጥም። የእኛ ሰው በብዛት ቤቱ ነው የሚሞተው፤ የሐኪም ወረቀት ከየት ይመጣል?

ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ገንዘብ ያለቀበት ቤተሰብ በሽተኛውን ከአልጋ አንሥቶ ወደ ቀዬው ሲወስድ ስንቴ አይተናል! ያንን «ሕክምና ማቋረጥ» ብለሽ ከደመርሽው ጥናቱ ይበላሻል። ሞርፊን ያላገኘ ሰው «ግደሉኝ» ሲልም ሕመሙ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አጭር ታሪክ ጻፊ፦ አንዷ ታማሚ ማስታገሻ አላት፣ ሌላዋ የላትም። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ?» ብለሽ ጠይቂ።

ነርሷ፣ ደብረ ማርቆስ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ታሪኮቹን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አስታማሚ ቤተሰቦችንም ላነጋግር አስቤ ነበር።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር
ከአርባው በፊት አትሂጂ። ስትሄጂም ያስታመመችውን ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ደህና አድርገን አስታመምን» ከማለት ሌላ አትነግርሽም። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድም አስቀድመሽ ያዢ።