የተማሪና የወላጅ ዝርዝራችን በሙሉ ጥያቄ ምልክት ሆነ፤ ልጅ ታማብናለች፣ ድረሱልኝ

መዝገብ ቤት (ጠያቂ)፣ ረፋድ 4፡05
ኮምፒውተር የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የተማሪዎቻችን ዝርዝር ላይ ያለው አማርኛ በሙሉ ጠፍቷል። ስም የለም፣ ሰፈር የለም፣ የተጠሪ ስም የለም። ???? ብቻ ነው የሚያሳየኝ። የስልኮቹም የፊት ዜሮ የለም። ትናንት ደህና ነበር። አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ ትኩሳት ይዟት ቢሮ ተኝታለች። ቤተሰቧን መጥራት አለብን፣ ስልክ ግን በቃሏ አታውቅም። ምን ላድርግ?

የአዘዞ ልጅ፣ 4፡09
ቫይረስ ነው። ፍላሽ ሰክተሽ ነበር? አንቲቫይረስ ጫኝና ሙሉውን አስፈትሽ።

ሰብሊ ማራኪ፣ 4፡11
ፎንት ነው እህቴ። ኒያላን ምረጭ። ካልሆነ ፓወር ግዕዝ ጫኝ። እኛም ቢሮ እንዲህ ሆኖ በፎንት ነው የተስተካከለው።

ፊደል ለቃሚ፣ 4፡14
ፎንት አይደለም። ቫይረስም አይመስለኝም። ፎንት ሲጠፋ ባዶ አራት ማዕዘን ነው የሚታየው። ኮዱ በስህተት ሲነበብ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ከነነጥቡ ይደረደራል፤ እሱ ይመለሳል፣ መረጃው ውስጡ አለ። ጥያቄ ምልክት ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሲያስቀምጠው ፊደሉን ጥሎ በምትኩ ? ጽፏል ማለት ነው። ትናንት ምን አድርገሽ ነበር? ፋይሉ አሁን ክፍት ነው? ክፍት ከሆነ አትዝጊው።

መዝገብ ቤት፣ 4፡18
ወደ አዲሱ ሲስተም ለማስገባት በሲኤስቪ (ሰንጠረዡን ዓምዶቹን በነጠላ ሰረዝ እየለየ በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ ተባልን። ኤክሴሉን ከፍቼ በሲኤስቪ አስቀመጥኩት። የሆነ ማስጠንቀቂያ ጠየቀኝ፣ እሽ አልኩት። ማታ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሄድኩ። ዛሬ ስከፍተው ይኸው።

ሰብሊ ማራኪ፣ 4፡19
ኒያላን ሞክረሽዋል ግን?

ጋሼ ሮስተር፣ 4፡22
ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። የተማሪ ማህደር በካርቶን ፋይል ነበር፣ በፊደል ተራ። መብራት ቢጠፋ አይጠፋም። አሁን ሁሉን ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ አንዲት ልጅ ስትታመም እናቷን ማግኘት አቃታችሁ። ትምህርት ቤት ሶፍትዌር ያስፈልገዋል ያለው ማነው? የክፍል ኃላፊዋ መምህርት የእጅ ደብተር የላትም?

መዝገብ ቤት፣ 4፡26
ጋሼ፣ የወረቀት ማህደሯን አውጥቼዋለሁ። 1ኛ ክፍል ስትገባ የተሞላ ነው። ያለው የአባቷ ስልክ ብቻ ነው፤ ደወልኩ፣ ሌላ ሰው አነሳው። ቁጥሩ ተላልፏል። ልጅቷ አሁን ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ይህን ባለፈው ዓመት ኤክሴሉ ላይ አስተካክለን ነበር። ወረቀቱን ግን ማንም አላስተካከለውም። የክፍል ኃላፊዋ ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት፣ ስልኳ ዝግ ነው።

መምህር ዘቁስቋም፣ 4፡31
ይህ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም፤ እስኪ ከሥሩ ልጀምር። እንግሊዝ አገር ሲምስ የሚባል የትምህርት ቤት መረጃ ሥርዓት አለ። ከኩባንያ አልተወለደም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ሉተን ከተማ ፊሊፕ ኒል የሚባል መምህር የጀመረው ነው። ሥራ እንዲቀልለት የተነሳ መምህር ነበር፣ እንደናንተው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ካፒታ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ገዛው። እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች እያደጉ ሲሄዱ ለአንድ ልጅ ብዙ ተጠሪ መያዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ለማን ይደወል? የሕግ ኃላፊነት ያለው ማነው? ልጁን እንዳይወስድ ፍርድ ቤት የከለከለው ሰው አለ? ለሁሉም ቦታ አለው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ትምህርት ቤቶች በተቻለ መጠን ለአንድ ተማሪ ከአንድ በላይ የአደጋ ጊዜ ስልክ እንዲይዙ ይላል። እናንተ ስንት ይዛችኋል? አንድ? ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

የአዘዞ ልጅ፣ 4፡33
መምህር፣ ልጅቷ ትኩሳት ላይ ናት እኮ! ታሪኩን ከሰዓት ይንገሩን።

እቴነሽ ዘአራዳ፣ 4፡34
መዝገብ ቤት፣ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተይው። ልጅቷ እዚያው ትምህርት ቤት ወንድም ወይም እህት የላትም? የአባት ስሟንና የአያት ስሟን ይዘሽ የወረቀት ሮስተሮቹን እይ። እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ባይኖረንም ወንድምና እህት በአባትና በአያት ስም ይገናኛሉ። ልጅቷንም ጠይቂያት። "ስልክ ስንት ነው" አትበያት። "ታላቅሽ ስንተኛ ክፍል ነው" በያት።

ጋሼ ሮስተር፣ 4፡36
ይኸው ሮስተር!

መዝገብ ቤት፣ 4፡52
እቴነሽ እግዜር ይስጥልኝ! 7ኛ ክፍል ወንድም አላት። የአክስቱን ስልክ በቃሉ ያውቀዋል። ደውለናል፣ በባጃጅ እየመጣች ነው። እስከዚያ እርጥብ ጨርቅ አድርገንላታል፣ ውሃ እየጠጣች ነው። አሁን ትንሽ ተነፈስኩ። ፋይሉ ግን አሁንም ?? ነው። ነገም ሌላ ልጅ ይታመማል።

ፊደል ለቃሚ፣ 5፡01
ተመስገን። አሁን ወደ ፋይሉ። በሲኤስቪ ስታስቀምጪ ኤክሴል አዲስ ፋይል ነው የሚፈጥረው። የድሮውን አያጠፋውም። ስለዚህ ዋናው የኤክሴል ፋይል መጀመሪያ ከከፈትሽበት ቦታ መኖር አለበት። ዛሬ የከፈትሽው ሲኤስቪውን ነው። ዋናውን ከየት ነበር የከፈትሽው?

መዝገብ ቤት፣ 5፡06
ከፍላሽ። ፍላሹ የቀድሞው የመዝገብ ሠራተኛ ነው፤ ተዛውሮ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ፍላሹንም ትናንት ማታ ወስዶታል። ቅጂውን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ያስቀመጥኩት ለካ ሲኤስቪውን ብቻ ነው።

ሰብሊ ማራኪ፣ 5፡08
እኔ አሁንም ፓወር ግዕዝን ብትሞክሪው እላለሁ። ምን ይጎዳሻል?

ፊደል ለቃሚ፣ 5፡12
ሰብሊ፣ የተጣለ ፊደል በፎንት አይመለስም። መዝገብ ቤት፣ የሲኤስቪውን ነገር በሁለት ከፍለሽ እዪው።

ዜሮው ቀላል ነው። ኤክሴል 0911 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ነው ብሎ ስለሚያስብ የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። ዘጠኝ አሃዝ ቀርቶ በ9 ወይም በ7 ከጀመረ ፊቱ ላይ ዜሮ መልሺበት፣ አለቀ። ከባዱ በ251 የተጻፉት ናቸው። አሥራ ሁለት አሃዝ ሲሆን ኤክሴል ያሳጥረውና 2.51 ምናምን ኢ+11 ብሎ ያሳየዋል። ሲኤስቪ ደግሞ የሚያስቀምጠው ዓይንሽ የሚያየውን ነው። ስታስቀምጪው እንዲያ አጥረው ከነበሩ እነዚያ ቁጥሮች ከሲኤስቪው አይገኙም፣ ዜሮ ብትጨምሪባቸውም ትክክል አይሆኑም። እባክሽ በእነሱ እንዳትደውዪ፣ የማይመለከተው ሰው ታገኛለሽ።

ስሞቹ ግን መንገድ አላቸው። የተማሪ መለያ ቁጥር የሚል ዓምድ አለ? እሱ አሃዝ ስለሆነ አልተነካም። የወረቀት ሮስተሩ ላይ መለያ ቁጥርና ስም ጎን ለጎን ካለ፣ በመለያ ቁጥሩ ስሙን መልሶ ማገናኘት ይቻላል። አድካሚ ነው፣ ግን ይሆናል።

ታዛቢ፣ 5፡15
ፋይሉን ለማንም በቴሌግራም ልከሽው አታውቂም? ከላክሽው እዚያው አለ። የላክሽበት ውይይት ውስጥ ግቢና "ፋይሎች" የሚለውን እዪ።

መዝገብ ቤት፣ 5፡24
ኧረ ልክ ነው! መስከረም ላይ ለመምህራን ግሩፕ ልኬው ነበር! እያወረድኩት ነው። ኔትወርኩ ቀስ ይላል።

እቴነሽ ዘአራዳ፣ 5፡29
ፋይሉ በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ የምክር አገልግሎት ላይ እሠራለሁ። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ "ማስታወሻ" የሚል ዓምድ አለ። "አባቱ ሞቷል"፣ "ምሳ አይዝም"፣ "ከቤት ተፈናቅለው የመጡ"፣ "እናቷ አረብ አገር"። የእናንተም ላይ ይህ ካለ፣ መስከረም ላይ ለመምህራን ሁሉ በግሩፕ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ስንት ስልክ እንደሄደ ማን ያውቃል? ልጁ ራሱ የማይናገረውን ነገር ጓደኛው ከመምህር ስልክ ላይ ሊያነበው ይችላል።

መዝገብ ቤት፣ 5፡33
አለ። ማስታወሻ የሚል ዓምድ አለ። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ጋሼ ሮስተር፣ 5፡37
እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ካርቶኑ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉም በርዕሰ መምህሩ ኪስ ነበር።

እቴነሽ ዘአራዳ፣ 5፡41
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ካርቶኑም ችግር ነበረው። እዚያ ውስጥ ያለው የ1ኛ ክፍል ስልክ ነው፤ ዛሬ ማንን አገኘ? ስልክ በየዓመቱ ይቀየራል። በ2014 መጨረሻ ሳፋሪኮም ሲገባ ደግሞ ስንት ወላጅ በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ቁጥር አወጣ። ልጅም ቤት ይቀይራል። ከጠዳ ወይም ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት የሚማር ልጅ ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ "ወላጅ" የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ። ማታ እቤት የሚጠብቀው ማነው የሚለውን ማንም አይጠይቅም። ለኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው፣ በወረቀትም ይሁን በኮምፒውተር።

መምህር ዘቁስቋም፣ 6፡10
አሁን ልጅቷ ደህና ከሆነች የጀመርኩትን ልጨርስ፤ ከእቴነሽ ሐሳብ ጋር ይገናኛል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የ8 ዓመት ልጅ አሳዳጊዎቿ አሰቃይተው ገደሏት። ሐኪሞች አይተዋት ነበር። ፖሊስም ማህበራዊ ሠራተኞችም ያውቋት ነበር። ሁሉም በየፊናው ቁራጭ ይዞ ነበር፣ አንድ ላይ ያየው አልነበረም። እንግሊዝ አገር ከመጣች በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤት ጨርሶ አልገባችም። ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርቱን አወጣ። ከዚያ ኮንታክት ፖይንት የሚባል የመረጃ ቋት ተሠራ። የእንግሊዝን ልጆች ሁሉ ስምና ከእነሱ ጋር የሚሠሩትን ባለሙያዎች አድራሻ የሚይዝ ነበር። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀመረ፣ በኦገስት 2010 ተዘጋ። ብዙ ሰው የሁሉን ልጅ መረጃ መክፈት መቻሉ ሕዝቡን ስላስፈራ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ጫፍ ተሞክሯል። የተበታተነ መረጃ ልጅ አስገድሏል፣ አንድ ቦታ የተከመረ መረጃ ደግሞ አስፈርቷል። ዛሬ ብዙ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስልክና ተጠሪውን አንድ ሥርዓት ላይ፣ የልጁን ደኅንነት ማስታወሻ ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚከፍተው ሌላ ሥርዓት ላይ ያስቀምጣሉ። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። አንብቡት።

ታዛቢ፣ 6፡18
መምህር፣ ይኸኛው ጠቅሞኛል። እኛ ትምህርት ቤት ዛሬውኑ ማስታወሻውን ከዝርዝሩ እንነጥለዋለን።

ፊደል ለቃሚ፣ 6፡25
መዝገብ ቤት፣ ፋይሉ ሲወርድ በፍጥነት ሲኤስቪ እንዳታደርጊው። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ቅጂ አስቀምጪ። የስልኩን ዓምድ "ጽሑፍ" አድርጊው፣ ዜሮውም 251ዱም እንዳለ ይቆያል። ማስታወሻውን ቁረጪና ለብቻው በይለፍ ቃል አስቀምጪ። ከዚያ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጪ፤ የአማርኛን ፊደል ሳይጥል የሚያስቀምጥ ስለሆነ ከተራው ሲኤስቪ ሌላ ነው፣ ኤክሴል 2016 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ላይ ይገኛል። የእናንተ ከዚያ የቆየ ከሆነ ንገሪኝ፣ ሌላ መንገድ አለ። ያንን ማስጠንቀቂያም አንብቢው።

የልደት ቀኑንም እዪው። ኤክሴል የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጳጉሜ 5 ቀን የተወለደን ልጅ 5/13 ብላችሁ ከጻፋችሁ በአሜሪካ አጻጻፍ ሜይ 13 ያደርገዋል። እሱንም "ጽሑፍ" አድርጊው።

የአዘዞ ልጅ፣ 6፡31
ስሙንም ተጠንቀቁ። የኔን ስም አንዱ በሀሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በብዙኃኑ ኀ ጽፎት ኮምፒውተሩ ሦስት ተማሪ አድርጎኝ ነበር። የሦስቱንም ክፍያ ጠየቁን 😄 ለዚህ ነው መለያ ቁጥር የግድ የሚሆነው።

መዝገብ ቤት፣ 7፡02
አክስቷ መጥታ ወስዳታለች፣ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ስትወጣ "ለምን ለኔ ቀድማችሁ አልደወላችሁም?" አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። የአክስቷንም የጎረቤቷንም ስልክ በወረቀትም ጽፌዋለሁ። ፋይሉ 80 በመቶ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደገና አወርደዋለሁ። ከግሩፑም እንዲጠፋ ለርዕሰ መምህሩ ነግሬያለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

እቴነሽ ዘአራዳ፣ 7፡05
ልጅቷን ማርያም ትማርልን። ነገ ባትመጣ ደውለሽ ጠይቂያት።

ፊደል ለቃሚ፣ 10፡40
መብራት መጣ? ፋይሉ ተከፈተ?

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር፣ በማግስቱ ጠዋት 2፡15
ሰላም ለሁላችሁ። እኛም ያው ሲኤስቪ ታዝዘን ያው ጥያቄ ምልክት ሆኖብናል። የኛ ኤክሴል 2010 ነው፣ ዩቲኤፍ-8 የሚል ምርጫ የለውም። ያ ሌላው መንገድ ምንድነው?

ሰብሊ ማራኪ፣ 2፡17
ኒያላ ሞክሩ።

ፊደል ለቃሚ፣ 2፡30
ኒያላ አይደለም። ዋናውን የኤክሴል ፋይል ክፈቱና "ዩኒኮድ ጽሑፍ" በሚለው አስቀምጡት። ከዚያ በኖትፓድ ክፈቱት፣ "አስቀምጥ እንደ" በሉና ከታች ኢንኮዲንግ የሚለው ላይ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ (,) ሳይሆን በታብ (የታብ ቁልፍ በሚተወው ባዶ ቦታ) የተለዩ ይሆናሉ፤ ሲስተሙ ታብ የማይቀበል ከሆነ ታቡን በነጠላ ሰረዝ ተኩት፣ ግን መጀመሪያ ስም ወይም አድራሻ ውስጥ ያው ነጠላ ሰረዝ (,) አለመኖሩን እዩ። ዋናው ፋይል አላችሁ አይደል?