ዝናቡ 5 ሳፋ ገለበጠብኝ፤ ነገ ተክሎቹን መመዘን አለብኝ!

ማስተርስ ላይ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ባሕር ዳር ነኝ። እምቦጭና ሌምና (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ተክል) ሲፎካከሩ ለማየት ግቢ ውስጥ 12 ትልልቅ ሳፋ ደርድሬያለሁ፦ 4 እምቦጭ ብቻ፣ 4 ሌምና ብቻ፣ 4 ድብልቅ። ሌሊት በጣለው ዝናብ 5ቱ ሞልተው ፈሰሱ። ሌምናው እምቦጭ ብቻ ወዳለበት ሳፋ ገብቷል። አማካሪዬ ስልክ አያነሳም። ልልቀመው? ማዳበሪያስ ልድገም? ቶሎ በሉልኝ!

ሙሉ በርሜል፦ ጣናም እንዲህ በአንድ ሌሊት በፈሰሰልን!

የሐይቅ ዳር ሰው፦ ወንድሜ፣ እምቦጭ እኮ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ጠላት ነው። ጣና ላይ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ከታየ ጀምሮ ስንት ገበሬ በእጁ ሲነቅል ከረመ! አንተ ደግሞ ግቢህ ውስጥ ታሳድጋለህ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የፈሰሰው ወዴት ሄደ? ወደ ቦይ ከሆነ አሁኑኑ ልቀም፣ ሲሚንቶ ላይ አድርቅና አቃጥል። ከዚያ በኋላ ስለ ሚዛን እናወራለን።

ማስተርስ ላይ፦ እህቴ በሉ 🙂 ቦዩን አየሁት፣ የለም። ግን መልሱን!

ሚስማር፦ ሚስማር አግለሽ ከአፉ 5 ሳንቲም ዝቅ ብለሽ ሁለት ቦታ ብሺ፤ ቀዳዳውን ከውስጥ በወባ አጎበር ቁራጭ ሸፍኚ። ውሃው ይወጣል፣ ቅጠሉ ይቀራል።

ዓሣ አርቢ፦ ሸራ አልብሺያቸው፣ አለቀ።

ሚስማር፦ ብርሃን ከልክለሽ ምን ልትለኪ ነው? ቀዳዳ ነው የሚያዋጣው አልኩ።

ቁጥር ወዳድ፦ ቆይ፣ ቆይ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው። ሳፋው 5 ሳንቲም ጎደሎ ከነበረ ለመሙላት 50 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ደግሞ ዝናቡ ብቻ ቢሆን 12ቱም በሞሉ ነበር። የፈሰሱት 5ቱ የትኞቹ ናቸው? የቤቱን ቆርቆሮ የተጠጉት አይደሉም?

ማስተርስ ላይ፦ ...አዎ። አሸንዳ የለውም። ድብልቆቹ አራቱም እዚያ ናቸው፤ ብዙ ስለምነካካቸው ለበሩ አቀረብኳቸው። አምስተኛው ከጎናቸው ያለ እምቦጭ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦ እንግዲህ ችግሩ ዝናብ አይደለም፣ አደራደርሽ ነው። ትናንት ባይፈስ እንኳ የቤቱ ጥላና ጠብታ ድብልቆቹ ላይ ብቻ ነበር፤ ልዩነት ብታገኚ ከተክሉ ይሁን ከቆርቆሮው በምን ታውቂያለሽ? ስንተኛ ሳምንትሽ ነው?

ማስተርስ ላይ፦ ሁለተኛ።

ቁጥር ወዳድ፦ ተመስገን በይ፣ ገና ነው። 12 ቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ በዕጣ እንደገና ደርድሪ፣ ከጣሪያው አርቀሽ። ማዳበሪያ አትድገሚ። ከአንዱ ስንት ታጥቦ እንደወጣ ስለማታውቂ እኩል ብትጨምሪም እኩል አይሆንም። የ12ቱንም ውሃ ደፍተሽ ከአዲስ ጀምሪ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ክሎሩ ይብነን።

ዓሣ አርቢ፦ ለምን ትደፋለች? መልቀም ይበቃል እኮ።

ቁጥር ወዳድ፦ ከእምቦጭ ሥር መሃል ሌምና ለቅመህ ታውቃለህ? አንዷ ከተረሳች ሲመቻት በ2 እና 3 ቀን ሁለት ትሆናለች።

ሚስማር፦ ቀዳዳውን አትርሺ።

ጎጃሜዋ፦ የነገውን ሚዛን አትተዪው፣ ለልምምድ ይሆንሻል። ሌምናውን በወንፊት አጠንፍፈሽ፣ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ቆጥረሽ መዝኚ። እኔ አንዱን ቶሎ፣ አንዱን ቆይቼ መዝኜ የውሃ ክብደት ስተነትን ከርሜያለሁ።