የናሃላል ርስት ለአንድ ልጅ ብቻ? እንከራከር

አወያይ (አፉላ)፦ ሰላም ቤተሰብ። የሳምንቱ ጥያቄ ይኸውና፦ በእስራኤል ሞሻቮች አንድ እርሻ የሚተላለፈው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። ደንቡ ይቅር ወይስ ይቆይ?

አገር ቤት ላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። በኪቡትስ መሬቱም ማዕዱም የጋራ ነበር። በሞሻቭ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ማሳ ያርሳል፣ የራሱን ጎጆ ያሞቃል፤ የኅብረት የሚሆነው ዘርና መኖ መግዛቱ፣ ምርት መሸጡና ብድሩ ነው። የመጀመሪያው ሞሻቭ ናሃላል በ1921 (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) በኢይዝራኤል ሸለቆ ተቆረቆረ። ከመሥራቾቹ አንዳንዶቹ የኪቡትስ ኑሮ አልሆነን ብለው ከመጀመሪያው ኪቡትስ ከደጋንያ የወጡ ናቸው። ቦታው ረግረግና ወባ ስለነበር መጀመሪያ ኮረብታ ላይ ድንኳን ተክለው ረግረጉን አደረቁ። አርክቴክቱ ሪቻርድ ካውፍማን መንደሩን ክብ አድርጎ ነደፈው፦ መሐሉ ላይ የጋራ ሕንፃዎች፣ ዙሪያውን ቤቶች፣ ከየቤቱ ጀርባ እርሻው እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግቶ። ለ80 ቤተሰብ፣ ለየቤቱ ወደ 10 ሄክታር። በሉ ጀምሩ።

ሙሉ (ነታንያ)፦ ይቅር! የሞሻቭ እርሻ በዕብራይስጥ «ናሃላ» ይባላል፤ ርስት ማለት ነው። በጎንደር ርስት የወንዱም የሴቷም ነበር። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ሙሴ ፊት ቆመው የተከራከሩት ለምን ሆነና? አምስት ወልዶ አራቱን ከተማ መስደድ ፍትሕ ነው?

ገበሬው (ጎጃም)፦ እህቴ፣ ፍትሑንማ እኔ ጋ ነይና እዪው። አባቴ ለአራታችን እኩል አካፈለን፤ ለእኔ ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) ደረሰኝ። እኔም ሦስት ልጆች አሉኝ። ለነሱ ድንበሩን እንጂ ማሳውን አላወርስም! እነዚያ ሰዎች ያኔውኑ አስበውበታል። ክቡን መንደር ቆራርሰሽ ብታከፋፍዪው ምን ይቀራል?

ደግሞ ደርግ መልባና ወልባ በሚባሉት የገበሬ አምራች ማኅበራት በሬያችንን ሲደባልቅብን አስታውሳለሁ። በ1982 ዓ.ም. (በእኛ) ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በሬያችንን ይዘን ወደየማሳችን ተበተንን። ሞሻቭ የዘለቀው ሰው የራሱን ስላረሰ ነው።

ሙሉ (ነታንያ)፦ ጋሼ፣ የራሱ አይደለም እኮ። መሬቱ የመንግሥት ወይም የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ነው፤ ገበሬው በኪራይ ወይም በፈቃድ ነው የያዘው። ታዲያ የማንም ያልሆነውን አንዱ ለብቻው ሲወርስ ምን ይባላል? ቤተ እስራኤል በጎንደር ርስት ተከልክለው ስንት ዘመን በጭሰኝነት ኖረዋል። አያቴ የሰው መሬት ሲያርሱ ነው ያረጁት። መሬት አልባነትን ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል?

ዮኒ (ሐይፋ)፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለሌለ እርሻ ነው። በ1980ዎቹ ምን እንደሆነ እዩ። የሞሻቭ ሰዎች እርስ በርስ የብድር ዋስ ነበሩ። በ1985 መንግሥት የዋጋ ንረቱን ለመግታት ኢኮኖሚውን ሲያጠብቀው ወለዱ ሰማይ ነካ። አንዱ ሲወድቅ ዋሱ ጎረቤቱ ነውና አብሮ ወደቀ፤ ያ የሚያምር መደጋገፍ ገመድ ሆኖ አነቃቸው። በ1992 የዕዳ ማቃለያ ሕግ እስከ መውጣት ተደረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ማሳውን አከራይቷል። «በራስ ጉልበት እንጂ በቅጥር አናርስም» ያሉት መሥራቾች ዛሬ ቢነሡ ቲማቲሙን የሚለቅሙትን የታይላንድ ሠራተኞች ያዩ ነበር። ስለዚህ ወራሹ የሚወርሰው ቪላ የሚሠራበት ቦታ ነው።

ለእኛ ልጆች የሚነካው ደግሞ ሌላ ነው፦ መንደር ውስጥ ልኑር የሚለውን አመልካች የሚመረምረው የቅበላ ኮሚቴ። በ2011 የወጣው ሕግ በገሊላና በነገብ እስከ 400 አባወራ ያላቸው መንደሮች «ከማኅበራዊ ኑሯችን ጋር አይስማማም» ብለው አመልካች እንዲመልሱ ፈቀደ፤ በ2023 ቁጥሩን ወደ 700 ከፍ አደረጉት። አንድ ጓደኛዬን ከሁለት ቃለ መጠይቅ በኋላ መለሱት፤ ምክንያቱን በስልክ እንኳ አልነገሩትም።

ታዛቢ፦ ታሪክ ካነሳን ማዕሉልን አትዝለሏት። የናሃላል መሬት የተገዛው ከቤይሩቶቹ ባለመሬት ቤተሰብ ከሱርሶቆች ነው፣ እውነት ነው፤ ሆኖም አጠገብ ያለችው የማዕሉል መንደር ነዋሪዎች በ1948 ተፈናቅለዋል። በናሃላል ያደገው የያኔው መከላከያ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ራሱ በ1969 የአረብ መንደሮችን ስለተኩ የአይሁድ መንደሮች ሲናገር ናሃላልን ነው በስም የጠራው።

አወያይ (አፉላ)፦ ትክክል ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ርዕስ ይገባዋል። ሳምንት እናንሳው። ሙሉ፣ ለጋሼ መልስ አለሽ?

ሙሉ (ነታንያ)፦ አለኝ፤ ትንሽም ለስላሳ ሆኛለሁ። ይቆራረስ አልልም። የ1965ቱ የውርስ ሕግ ሲከፋፈል ቤተሰብ ማኖር የማይችል እርሻ ሊሠራበት ለሚችለው ወራሽ ይሰጥ፣ እሱም ሌሎቹን ይካስ ይላል። ብዙ ናሃላ በፈቃድ ብቻ ስለተያዘ ከዚህ ያመልጣል። እዚያም ካሳው ግዴታ ይሁን፣ ወራሿም ሴት ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ገበሬው (ጎጃም)፦ ካሳውን ከየት ያመጣዋል? ላሙን ሸጦ?

ዮኒ (ሐይፋ)፦ ጋሼ፣ ላሟማ ድሮ ተሸጣለች። በረቱን ነው ለመጋዘን ያከራየው።