ኖክ ሴንሰሩን ልቀይር ወይስ ይቆይ?

ባለኮሮላ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የቼክ ኢንጂን (የሞተር ብልሽት) መብራት አበራች። መካኒኩ በኮምፒውተር አይቶ የብልሽት ኮዱ ፒ0325 ነው፣ ኖክ ሴንሰር (የሞተር ማንኳኳት የሚሰማው ዕቃ) ይቀየር አለኝ። ሞተሩ ግን አያንኳኳም፤ ዳገት ላይ ብቻ ጉልበት ያንሰዋል። ሳያንኳኳ ምኑ ነው የሚቀየረው?

የጋራዥ ሰው፦ ወንድሜ፣ ኮዱ ሞተሩ አንኳኳ ማለት አይደለም፤ ከሴንሰሩ የሚመጣው ሲግናል ልክ አይደለም ነው የሚልህ። ሴንሰሩ ሞተር ብሎኩ ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ውስጡ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል አለ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርሰው ቀሪው ቤንዚን በራሱ ሲፈነዳ ንዝረቱን ይሰማና ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ያዘገያል። ሲግናሉ ከጠፋ ግን ሞተሩን ለማዳን ብሎ ዝም ብሎ ያዘገየዋል። ዳገት ላይ የደከመችህ ለዚህ ነው።

ሽቦ መርማሪ፦ እባክህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሶኬቱን አስነቅለህ እይ። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ወይም ዘይት ከገባባቸው ይጽዱ። አይጥ የበላው ሽቦም ብዙ ነው። ይሄ በኪሎሜትር የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ ሽቦው ደህና ሆኖ ኮዱ ከተመለሰ ያኔ ቀይር። ሲታሰር ደግሞ ቦታው ጸድቶ፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) በልኩ ይጥበቅ። ከላላም ከልክ በላይ ከጠበቀም በትክክል አይሰማም።

ከአሜሪካ፦ የድሮ ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) ቶዮታ ሃይላንደር ያላችሁ፣ የእናንተ ሁለት ኖክ ሴንሰር አለው፤ ሁለቱም ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ሥር ናቸው። አንዴ ከተከፈተ ሁለቱንም ከነሽቦው ቀይሩ፤ ለአንዱ ብቻ ያን ሁሉ መፍታት አያዋጣም።

ባለኮሮላ፦ እግዜር ይስጥልኝ! መጀመሪያ ሶኬቱን አስነቅላለሁ።