ተከታይ፣ ተተኪ ወይስ ምትኩ? የቃላት ትርጉም ውይይት

ባሕር ዳሬው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ በአማርኛ ልጽፍ ተነሥቼ ገና መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬያለሁ። ጨዋታው ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። አምስት ለአምስት ተቧድነው የሚታኮሱበት ነው፤ አንዱ ወገን ፈንጂ ሊያፈነዳ ይመጣል፣ ሌላው ሊያስቆመው ይጠብቃል፤ የሞተ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። ፊተኛው ግሎባል ኦፌንሲቭ ይባላልና «የግሎባል ኦፌንሲቭ ተከታይ» ብዬ ጻፍሁ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ አነበበና «ተከታይማ እኔ ነኝ» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ እናታችን እንግዳ ሲመጣ «ይህ ደግሞ የሱ ተከታይ ነው» ትላለች።

ሌላም ያስቸገረኝ አለ። ሁለተኛው ሲመጣ አንደኛው ቤቱን ለቅቆ ነው የወጣው። በ2004 የወጣው ግሎባል ኦፌንሲቭ በነበረበት ቦታ ላይ አዲሱ መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ገባበት። የጠመንጃ ቀለም፣ ቢላዋ፣ ጓንት፣ ያጠራቀምነው ሁሉ ለአዲሱ ተላለፈ። ይህ ተከታይ ይባላል? ደግሞስ «ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን» ከማለት ሌላ መንገድ የለም? ፈንጂውንስ «ተከለ» ልበል?

ደጀን ድልድይ፦
መስከረም 16? የደመራ ዕለት የተወለደ ጨዋታ ነዋ! ደመራው ወዴት ወደቀ?

የዲማው፦
ጨዋታውን አላውቀውም። ቃሉን ግን እንየው።

ተከታይ ሲባል ፊተኛው ገና መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ከፊት ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከኋላ ይመጣል። ለመጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ ቢወጣለት አንደኛው ቅጽ ከመደርደሪያው አይነሣም። ተተኪ ሲባል ፊተኛው ከወንበሩ ተነሥቷል፤ ነገር ግን ተሽሮ ወይም ጡረታ ወጥቶ እንደሆነ እንጂ መሞቱን ቃሉ አይነግርህም። ወራሽ ሲባል ንብረት አለ። ቢላዋና ጓንት ተላልፏል ብለሃልና ይህ ቃል የሆነ ነገር ይዞልሃል፤ ግን በእኛ አገር ወራሽ ከተባለ ፍርድ ቤት ሩቅ ስላልሆነ አንባቢህ ክርክር ያለ ይመስለዋል።

በእኛ ቤት ለዚህ ሌላ ቃል አለ። ፊተኛው ልጅ ሞቶ ከእሱ ቀጥሎ የተወለደውን ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እያልን እንሰይመዋለን። ሦስቱ አንድ እንዳይመስሉህ። ምትኩ ባዶውን ቦታ ሞላ። ካሳ የጠፋውን ከፈለ። ማስረሻ ሐዘኑን አስረሳ። ያንተ ጨዋታ የትኛው ነው? እሱን ከመለስህ ጽሑፍህ ግማሽ መንገድ ሄደልህ።

የሞጣዋ መምህርት፦
እኔ ወደ «ጎን» ልምጣ። ተማሪዎቼ «የደራሲው ጠንካራ ጎን» እያሉ ሲጽፉልኝ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ስብሰባ ስብሰባ ይሸተኛል። ስህተት ነው አልልም፣ ሁሉም ይለዋል፤ ነገር ግን ጨዋታን ለሚያወራ ልጅ የግምገማ ቃለ ጉባኤ ምን ይሠራለታል?

በሬ ገበያ ውረድ። ገዥ የበሬውን ጎን አይጠይቅም። አፉን ከፍቶ ጥርስ ያያል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፣ ትንሽ ያስኬደዋል። ከዚያ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ሞያው፣ ነውሩ፣ ዓመሉ። ነውር አካሉ ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ ኦሪት ዘጸአት ለፋሲካ የሚታረደውን ጠቦት «ነውር የሌለበት» ሲል ይህን ማለቱ ነው እንጂ ጠቦቱ አሳፋሪ ሥራ አልሠራም ማለቱ አይደለም። ዓመል ግን ገበያ ላይ አይታይም። ቤት ወስደህ፣ ጠምደህ፣ ትልሙ መሀል ላይ ሲተኛብህ ነው የምታውቀው። ነውሩን ሻጩ ሊደብቅህ ይሞክራል፤ ዓመሉን አንዳንዴ ራሱም አይነግርህም፣ ሲጠምደው ለእሱ ይታዘዝ ይሆናላ።

ባሕር ዳሬው፦
የኔታ፣ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን የፈለግሁት በአንድ ምሽት ተገኘ።

ለየኔታ ልመልስ። ምትኩ ነው። በከፊል ካሳም ነው። ማስረሻ ግን አልሆነም፣ ለእኔስ አልሆነም። ምክንያቱን በመምህርት በሬ ልንገራችሁ።

ነውሩ ገና ሲወጣ የሚታይ ነበር። ፊተኛው ይዟቸው የኖረ የአጨዋወት ዓይነቶች ጎድለው መጡ። ሰው በገደልህ ቁጥር መሣሪያህ እየተቀየረ የሚሮጥበት አርምስ ሬስ የተመለሰው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው፤ ዴንጀር ዞን የሚባለው ደግሞ አብሮ አልመጣም። በማክ ኮምፒውተር ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ደጅ ቀሩ። ክብደቱም ሌላ ነው፦ ፊተኛው 15 ጊጋባይት ቦታና 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል ይባል ነበር፣ ይህ 85 እና 8 ይጠይቃል። በሰዓት እየከፈልን የምንጫወትበት ቤት ካሉት ማሽኖች የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለእነሱ ወረፋ ይያዛል፣ የቀሩት ላይ ልጆች ኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ። ፊተኛው ቢኖር በሁሉም ላይ ይነሣ ነበር። ሰው የሞተበትን የሚያስታውሰው እንዲህ ቦታው ሲጎድል ነው መሰል።

ዓመሉ ደግሞ ስትጠምደው ነው የሚታወቀው። የፊተኛው መደበኛ ሰርቨር (ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ማሽን) የተጫዋቾችን ድርጊት በሰከንድ 64 ጊዜ ይቆጥር ነበር። አዲሱ በሁለት ቆጠራ መካከል የተተኮሰውንም ከነትክክለኛ ቅጽበቱ ይመዘግባል፤ ስሙ ሰብቲክ ነው። ሲነገር ያምራል። እኔ ግን ግድግዳ ጀርባ ገብቼ፣ ተርፌያለሁ ብዬ ትንፋሼን ስመልስ እሞታለሁ። ሰርቨሩ ሩቅ አገር ስለሆነ የመስመሩ ጣጣ ይሁን፣ የጨዋታው ዓመል ይሁን፣ የራሴ ጣት ይሁን፣ ከወንበሬ ሆኖ መለየት አይቻልም። ስለዚህም ነው ነውር ያላልሁት።

ደጀን ድልድይ፦
ይህቺማ ተተርታለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ባሕር ዳሬው፦
በትክክል! እኔ ውሻው ነኝ።

ሞያው ላይ ብዙ የምለው አለ፤ የጭስ ቦምቡን ነገር ለብቻው አቆይቼዋለሁ። ድሮ ለማሸነፍ 16 ዙር ያስፈልግ ነበር፣ አሁን 13 ነው። ጨዋታው ቢበዛ ከ30 ዙር ወደ 24 ወረደ ማለት ነው። በሰዓት ለሚከፍል ሰው ይህ ደግ ነገር ነው። ግን በየዙሩ መሣሪያ የምትገዛው በጨዋታው ገንዘብ ነው፤ በ800 ትጀምራለህ፣ አውፕ የምንለው የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ብቻውን 4750 ነው። አንድ ዙር በስስት ገዝተህ ከተሸነፍህ በሚቀጥለው ገንዘብ ስለማይኖርህ በሽጉጥ ትወጣለህ። ይህን እኛ ሰፈር «ጦም ማደር» እንለዋለን፦ «ዛሬ ጦም እንደር፣ ነገ እንገዛለን»። ዙሩ ባነሰ ጊዜ አንድ ጦም ያደርህበት ቀን ከበደ። በስህተት የገዛኸውን ግን የመግዣው ጊዜ ሳያልፍ መመለስ ተፈቅዷል፤ ፊተኛው አንዴ ከገዛህ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ አይመልስልህም ነበር።

የሞጣዋ መምህርት፦
«ጦም እንደር» በጣም ደስ ብሎኛል። የሞተ ቁጭ ብሎ ያያል ላልኸውም «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለልህ።

የጣና ልጅ፦
ስለ «ተከለ» የተጠየቀውን ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር። ችግኝ ይተከላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል። የሚተከል ነገር እንዲቆም ተፈልጎ ነው። ፈንጂ ለመጥፋት የሚቀመጥ ነገር ነው፤ አይተከልም። ይህ አነጋገር ከእንግሊዝኛው ተገልብጦ የመጣ ነው።

ፈንጂ ይጠመዳል። ዜናውም «የተጠመደ ፈንጂ» ነው የሚለው። ሥሩን ተመልከቱት፦ ገበሬ በሬ ይጠምዳል፣ ሁለቱ በሬዎች ጥማድ ይባላሉ፤ ሰው በቂም ሲይዝህ «ጠመደኝ» ትላለህ፤ አባቴ ደግሞ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ነው የኖረው። በሁሉም ውስጥ መያዝ አለ። በዓሣው ግን ጥበቃም አለ። መረብ ጥለህ ወደ ቤትህ ብትሄድም ልብህ እዚያ ያድራል። ወንድሜ ጨዋታውን ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ ፈንጂውን ካስቀመጡ በኋላ ጥለውት አይሄዱም፣ በየጥጉ አድብተው ሊያጠፋ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ «ጠመደ» ከሚለው «አጠመደ» ይበልጣል እላለሁ፤ የተጠመደው ፈንጂው ብቻ አይደለም፣ የሚመጣውም ሰው ነው።

ባሕር ዳሬው፦
ይህን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ። ከተጠመደ በኋላ 40 ሰከንድ አለ። ለማምከን ባዶ እጅህን ከሆንህ 10 ሰከንድ፣ መሣሪያውን ከገዛህ 5 ሰከንድ ትፈጃለህ። እዚያ ጥጉ ላይ ያደባው ሰው የሚጠብቀው እነዚያን ሰከንዶች ነው።

የሞጣዋ መምህርት፦
«ማምከን» ትክክለኛው ቃል ነው፤ የፈንጂ ባለሙያውም «አምካኝ» ነው የሚባለው። ብቻ አንድ ነገር ልበል፣ ከርእሱ ብወጣም። ከ«መካን» ጋር አንድ ሥር ነው። በሠፈራችን ልጅ ያልወለደች ሴት ይህን ቃል ስንት ጊዜ ከኋላዋ ሰምታዋለች። ለፈንጂ ብቻ ቢያስቀሩልን ምን ነበረበት።

የዲማው፦
እውነት ነው፣ እቴ።

ወዲያ የተቆየውን ጢስ አምጣው እንጂ።

ባሕር ዳሬው፦
እሺ የኔታ። በፊተኛው ጨዋታ የጭስ ቦምብ ስትወረውር አንድ ግራጫ ድብልብል ነገር ይቆም ነበር። መጋረጃ በለው። ተኩስ ቢያልፍበት ምንም አይሆንም። በአዲሱ ግን ጭሱ ቦታውን እንደ ውኃ ይሞላል፤ በር ካገኘ በበሩ ይወጣል፣ መስኮት ካገኘ በመስኮት። ጥይት ሲያልፍበት ይበሳል። የእጅ ቦምብ ሲፈነዳበት ለአፍታ ይገለጥና ሜዳው ይታያል፣ ከዚያ መልሶ ይከደናል። ያቺ አፍታ ናት ጨዋታው ሁሉ። እኔ ከዚህ ጨዋታ ሌላ ነገር ሁሉ ተወስዶ ይህ ብቻ ቢቀርልኝ እቀበላለሁ። ጭስ ልበለው፣ ጉም ልበለው? ልጆቹ «ስሞክ» ነው የሚሉት።

የዲማው፦
ጉም አይደለም። ጉም ከጮቄ ላይ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይነሣል፤ የሚወረውረው ሰው የለም። ጭስ ብትል ልክ ነህ። እኔ ግን «ጢስ» በል እልሃለሁ፣ ሦስት ነገር ስለሚሰጥህ።

አንደኛ፣ ግእዙ ነው፤ ጤሰ፣ ጢስ። አማርኛ ጢውን ወደ ጭ አዞረው እንጂ ቃሉ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ያንተው አገር ቃል ነው። አባቶች የዓባይን ፏፏቴ ሲያዩ እሳት አልነበረም፤ ውኃው ተሰብሮ ወደ ላይ ሲነሣ ጢስ እሳት አሉት፣ መንደሩንም ጢስ ዓባይ። እንደ ውኃ ቦታ ይሞላል ያልኸው ጢስ እዚያ ቆሟል፤ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲመራ ቢቀጥንም በክረምት ሄደህ እየው። ሦስተኛ፣ በደመራ ዕለት ተወለደ አልተባለም? ንግሥት እሌኒ መስቀሉ ያለበትን ያወቀችው ደመራ አስደምራ፣ ጢሱ ወርዶ በሰገደበት ቦታ አስቆፍራ ነው ብለን እናምናለን፤ «ሰገደ ጢስ» እየተባለ ይዘመራል። እዚያ ጢስ ያሳያል። በተኩስ ሜዳ ጢስ ይሰውራል። ያንተ ጢስ አንዱን ጊዜ ይሰውራል፣ ሲበሳ ያሳያል። ቅኔ ቢዘረፍበት ሰሙም ወርቁም እዚያው አለ።

ደጀን ድልድይ፦
የኔታ፣ እስቲ አንድ ጉባኤ ቃና ይዝረፉልን!

የዲማው፦
ለጨዋታ አይዘረፍም። በአማርኛ አንዲት ነገር ግን ልስጥህ። «ተኳሹ አልሞ ሞተ» ብለህ ጻፍ። «አልሞ»ን አጥብቀህ ካነበብኸው ዒላማውን ይዞ ነው የሞተ። አላልተህ ካነበብኸው ተኝቶ ሕልም እያየ። ፊደሉ አይለያቸውም፤ አንባቢው ይምረጥ።

ደጀን ድልድይ፦
እኔን ነው የጻፉብኝ! ትናንት አውፕ ይዤ እንዲያ ነው የሆንሁ።

አንድ ቃል ከእኔም ውሰድ፣ ባሕር ዳሬው። ሁሉ ሲሮጥ ወደ ኋላ ቀርቶ ቦታ የሚጠብቀውን ተጫዋች «ደጀን» በለው። የከተማዬ ስም ስለሆነ አይደለም (ስለሆነም ነው)። ግንባር ያለው ሲሸሽ የሚቀበለው ጦር ደጀን ይባላል።

ባሕር ዳሬው፦
ወሰድሁ። መጀመሪያውን እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

«በ2004 የወጣው ግሎባል ኦፌንሲቭ በነበረበት ቦታ ላይ ምትኩ ገብቷል። ሞያው ጢሱ ነው። ነውሩ ያጎደለው ብዙ መሆኑ ነው። ዓመሉን ለማወቅ ግን ጠምዶ ማየት ያስፈልጋል።»

የሞጣዋ መምህርት፦
«በነበረበት ቦታ ላይ» ካልህ «ላይ» ትርፍ ናት፤ አውጣት። «ምትኩ»ም ያ ስም መሆኑ እንዲገባ አንዴ በትእምርተ ጥቅስ አኑረው፤ አለዚያ አንባቢ «የእሱ ምትክ» ብሎ ያልፈዋል።

የዲማው፦
ይለፈው። ሁለቱንም ነው።